የባክቴሪያ ስኳር አጓጓዥ ጂኖችን በፕሮቲን ቅደም ተከተል ንጽጽር መለየት

አንድ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ስኳርን ወደ ባክቴሪያ ሕዋስ የሚያስገባ መሆኑን ለማወቅ ከሚያገለግሉ መንገዶች አንዱ የቅደም ተከተል ንጽጽር ነው። ሥራው ያልታወቀው ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ድርድር ሥራቸው በሙከራ ከተረጋገጠ ፕሮቲኖች ድርድር ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ መመሳሰሉ ከአጋጣሚ በላይ ከሆነም ከአንድ ጥንታዊ ፕሮቲን እንደ ወረዱ ይታመናል። ስኳር በስብ የተገነባውን የሕዋስ ሽፋን በራሱ ማለፍ ስለማይችል ባክቴሪያው አጓጓዥ ፕሮቲኖች የግድ ያስፈልጉታል። እነዚህ ፕሮቲኖች ግን ከሽፋኑ ሲወጡ ቅርጻቸው በቀላሉ ስለሚበላሽ ለቤተ ሙከራ አስቸጋሪ ናቸው። ጂናቸውን ማንበብ ከዚያ በጣም ይቀላል።

ጥናቱ የተጀመረው ከጂን ንባብ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በፓሪስ የፓስተር ተቋም ዣክ ሞኖና ባልደረቦቹ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ላክቶስንና መሰሎቹን የሚያስገባበት የተለየ ሥርዓት እንዳለው አሳዩ። የዚህ አጓጓዥ ጂን፣ ላክዋይ፣ ቅደም ተከተሉ በ1980 ታተመ፤ ፕሮቲኑ 417 አሚኖ አሲዶች አሉት።

ትልቁ ግኝት የመጣው በ1987 ነው። ማርቲን ሜይደን፣ ፒተር ሄንደርሰንና ባልደረቦቻቸው አራቢኖስንና ዛይሎስን ወደ ኢ. ኮላይ የሚያስገቡትን አራኢና ዛይልኢ የተባሉ ፕሮቲኖች ድርድር ካነበቡ በኋላ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከሰው የጉበት ካንሰር ሕዋሳት ከተገኘው የግሉኮስ አጓጓዥ ጋር አነጻጸሩት። የሰውና የባክቴሪያ ፕሮቲኖች ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ዛይልኢ 491፣ ዛሬ ግሉት1 የሚባለው የሰው ፕሮቲን ደግሞ 492 አሚኖ አሲዶች አሏቸው፤ ሲደረደሩ 29 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት ነው። ሽፋኑን ከሚያቋርጡት የፕሮቲኑ ጥምዞች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል አርጂኒንና ግላይሲን ያሉበት አጭር ሐረግ በሁሉም ይገኛል፤ ተመሳሳይ ሐረግ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ጥምዝ መካከል ይደገማል። አሥራ ሁለት ጥምዞች ያሉት ፕሮቲን ስድስት ጥምዝ ብቻ ከነበረው ቀደምት ፕሮቲን በጂን መባዛት ሳይወለድ አልቀረም የሚለው ሐሳብ የተጠናከረው በዚህ ድግግሞሽ ነው። ስኳርን ለመብላት የሚያገለግል የባክቴሪያ ፕሮቲን በሰው ደም ውስጥ ግሉኮስን ወደ ቀይ ሕዋስ ከሚያሳልፈው ጋር አንድ ግንድ መጋራቱ፣ በዚህ መስክ ከተገኙት ውጤቶች ሁሉ እጅግ አስደናቂው ነው ማለት ይቻላል።

ዝምድናው ግን ሁሉንም አይናገርም። ግሉት1 ስኳሩን ከበዛበት ወደ አነሰበት ብቻ ያሳልፋል፤ አራኢና ዛይልኢ ግን ፕሮቶን አብረው እያስገቡ ስኳሩን ከውጭ ካለው በላይ ያከማቻሉ። በሌላ በኩል ላክዋይ እንደ እነርሱ አሥራ ሁለት ጥምዞች አሉት፣ ፕሮቶንም ይጠቀማል፤ ድርድሩ ግን ከእነርሱ ጋር በግልጽ አይመሳሰልም። የሩቅ ዝምድናው ጎልቶ የወጣው በ1990ዎቹ የፕሮቲን ቤተሰቦች በሰፊው ሲመደቡና በ2003 የላክዋይ ቅርጽ ሲታወቅ ነው።

ዛሬ ፍለጋው የሚካሄደው በኮምፒዩተር ነው። በ1990 የወጣው ብላስት አንድን ድርድር ከግዙፍ የመረጃ ቋት ጋር አስተያይቶ እያንዳንዱ ተመሳሳይነት በአጋጣሚ ሊከሰት የሚችልበትን ግምት ይሰጣል። ረዘም ባለ ድርድር ከ30 በመቶ በላይ አንድነት ከተገኘ ዝምድናው እምብዛም አያጠራጥርም፤ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲወርድ ግን ጥርጣሬ ይገባል። በሽፋን ፕሮቲኖች ዘንድ ጥርጣሬው ይበረታል። ጥምዞቻቸው ውኃ በሚሸሹ እንደ ሉሲንና ቫሊን ባሉ አሚኖ አሲዶች የተሞሉ ስለሆኑ፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ፕሮቲኖች እንኳ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ሌላው ችግር አንድ ስኳር በአንድ ዓይነት አጓጓዥ ብቻ አለመግባቱ ነው። ኢ. ኮላይ ዛይሎስን በዛይልኢ ብቻ ሳይሆን ኤቲፒን በሚያቃጥል የተለየ ሥርዓትም ያስገባል፤ የሁለቱ ድርድር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ግሉኮስ ደግሞ እየገባ ሳለ ፎስፌት በሚለጥፍበት ሦስተኛ ሥርዓት ይገባል፤ ይህ ሥርዓት የተገኘው በ1964 ነው። ዛይሎስ አጓጓዥን ፈልጎ በዛይልኢ ድርድር ብቻ ያነጻጸረ ሰው ሌላውን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ያጣዋል።

ከቤተሰብ ወደ ስኳሩ ማንነት መሻገር ከሁሉ የከበደው ነው። በ2012 የታወቀው የዛይልኢ ቅርጽ እንዳሳየው፣ ስኳር የሚያርፍበት ቦታ ከግሉት1 ጋር በአብዛኛው ይመሳሰላል፤ ግሉኮስም እዚያው ይጣበቃል፣ ነገር ግን አይተላለፍም፤ ዛይሎስን ያግዳል እንጂ። በዚሁ ባክቴሪያ ዩኤችፒሲ የተባለው ፕሮቲን ግሉኮስ ፎስፌትን ከሚያስገባው ዩኤችፒቲ ጋር ይዛመዳል፤ ዋና ሥራው ግን ያ ስኳር ውጭ መኖሩን አስተውሎ ምልክት ማስተላለፍ ነው። ስለዚህ በመረጃ ቋት ውስጥ «የግሉኮስ አጓጓዥ» የሚል ስም በንጽጽር ብቻ ሲሰጥ፣ ሌሎችም በዚያው ስም ላይ ሲመሠረቱ ስሕተቱ ይባዛል። ማስረጃው ቤተሰቡን ብቻ ሲያሳይ የቤተሰቡን ስም መጻፍ ይበቃል።

ግምቱን የሚያጠነክረው የጂኑ አጎራባች ነው። በባክቴሪያ የአንድ ስኳር አጓጓዥና አፍራሽ ጂኖች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ላክዋይ ላክቶስን ከሚሰነጥቀው ኤንዛይም ጂን ቀጥሎ ይገኛል።

የመጨረሻው ፈተና ሙከራ ነው፦ ጂኑን ማጥፋት፣ በራዲዮአክቲቭ ካርቦን ምልክት የተደረገበት ስኳር ወደ ሕዋሱ መግባት ማቆሙን ማየት፣ ጂኑን መልሶ ማስገባት። ፕሮቶን የሚጠቀሙ አጓጓዦች ሌላም ምልክት ይሰጣሉ፤ ጉልበታቸው በደከመ ሕዋሳት ላይ ስኳሩ ሲጨመር ፕሮቶን አብሮ ስለሚገባ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ አሲድነቱ ይቀንሳል። የሄንደርሰን ቡድን አራቢኖስና ዛይሎስ ከፕሮቶን ጋር እንደሚገቡ በዚህ መለኪያ ያረጋገጠው ጂኖቹን ከማንበቡ በፊት ነበር፤ የ1987ቱ ንጽጽር ክብደት ያገኘውም በሁለቱም ወገን ሥራቸው የታወቀ ፕሮቲኖች ስለነበሩ ነው።