የፎገራን ስም ማን ያውቀዋል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወረታ ላይ ለደብረ ታቦር ይገነጠላል። ወረታ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ስለሆነች ፎገራ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ወረዳው ነው። ነገር ግን ወረዳው ስሙን ያገኘው ከሜዳው ነው። ርብና ጉማራ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልተው ደለል የሚያለብሱት ሜዳ ወደ ሊቦ ከምከምና ወደ ደራም ይዘልቃል፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላምም በእነዚሁ ወረዳዎች ትረባለች። ስለዚህ የስሙን ምንጭ የሚፈልግ ሰው መጠየቅ ያለበት ወረዳው መቼ እንደተቋቋመ ሳይሆን ሜዳው ላይ ቀድሞ ማን ይኖር እንደነበር ነው።

ማስረጃው ወደ አገው ይመራል። ከጣና በስተ ሰሜን ምዕራብ ቅማንትኛ፣ በምሥራቅ ዋግ ላይ ኽምጣኛ፣ በደቡብ አዊኛ አሉ፤ ሦስቱም የአገው ቋንቋዎች ሲሆኑ ፎገራ በመካከላቸው ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐፄ ዓምደ ጽዮን የዘመቻ ታሪክ ፎገራ ያለበትን በጌምድርን በስም ሲጠራ አገሩ በክርስቲያኑ መንግሥት ሥር ነበር። ከአገዛዙ ጋር የተስፋፋው አማርኛ መካከሉን ይዞ ዘመዳሞቹን ቋንቋዎች አለያያቸው ማለት ያስኬዳል። የአገው ወገን የሆኑት የኤርትራ ቢለኖች ከላስታ ፈልሰናል እንደሚሉት ሌሎቹም ከሌላ ቦታ መጥተው ይሆናል የሚል ይኖራል። ፍልሰት ግን የአማርኛን ጠባይ አያስረዳም። ግዕዝ ግሱን ብዙ ጊዜ ሲያስቀድም አማርኛ መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ከአገውኛና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ ከመኖር የመጣ ነው ይላሉ። አማርኛ የተናገሩት ብዙዎቹ የቀድሞ ነዋሪዎች ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስሞቹ በአማርኛ ይፈታሉ የሚል ነው፤ ጉማራ ከጉማሬ፣ ወረታ ከወሮታ። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ጆሮ ያልገባውን ስም ወደሚያውቀው ቃል ይስባል። ጉማራን ከጉማሬ ማገናኘት የሚያሳምነው በጣና ዳር ጉማሬውም አዳኞቹ ወይጦዎችም ስለነበሩ ነው፤ ለወሮታ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ የለም። ወይጦዎችም ቢሆኑ ድሮ በሌላ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ንግግራቸው ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ እንደሆነ ጽፏል፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነበር። እዚያው ሐይቁ ዳር አንድ ቋንቋ በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጠፋ፣ ከዚያ በፊት የወጡ ስሞች አማርኛ ናቸው ብሎ መነሣት አያስኬድም። የፎገራም ስም መጀመሪያ ሊፈለግ የሚገባው በአገውና በወይጦ ወገን ነው፤ የአማርኛ ፍቺ ተቀባይነት የሚያገኘው ከሜዳውና ከነዋሪው ታሪክ ጋር ከገጠመ ብቻ ነው።