ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርሱ ኮሌጅ መግባት
(የአንድ አሳብ አጭር ታሪክ)

ትምህርት እንደ መሰላል ነው፤ እርከኑን በየተራ እየረገጡ ይወጡታል። በአሜሪካ አገር ግን አንድ እግሩን በሁለተኛ ደረጃ፣ ሌላውን በኮሌጅ አድርጎ የሚወጣ ተማሪ ብዙ ነው። የተማረው አንድ ትምህርት በሁለቱም ስፍራ ይቈጠርለታል። ይህ ልማድ ከየት መጣ? ማንንስ ጠቀመ?

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ብርቱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ሳይወጡ በዚያው ባሉ መምህራን የኮሌጅ ትምህርት እንዲማሩ ፈቀደ። በ1972 ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት በሲራክዩስ ከተማ አካባቢ ያሉ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚፈለግባቸውን አስቀድመው እየጨረሱ ዓመቱን በከንቱ ያሳልፋሉ ብለው ለሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ አመለከቱ። ዩኒቨርሲቲውም «ፕሮጀክት አድቫንስ» የተባለውን ሥራ አቋቋመ።

ይህ ሁሉ ግን አስቀድሞ ለበረቱት የተከፈተ በር ነበር። በ1974 በኒው ዮርክ ከተማ የላጓርዲያ ኮሌጅ፣ ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ ተብሎ ለተሠጋላቸው ልጆች በግቢው ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተ። አሳቡን ያመነጩት ዶክተር ጃኔት ሊበርማን፣ ልጁ ከኮሌጅ ተማሪዎች ጋር ሲውል ኮሌጅ ለእርሱም የሚገባ መሆኑን ይረዳል ብለው ያምኑ ነበር።

ከሁሉ የበለጠው እርምጃ በ1985 በሚኒሶታ ተደረገ። አገረ ገዥው ሩዲ ፐርፒች ከክሮኤሽያ የመጣ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ አንደኛ ክፍል እስኪገቡ ድረስ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። በእርሳቸው ጊዜ የወጣው ሕግ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኮሌጅ ገብተው እንዲማሩ፣ የትምህርቱንና የመጽሐፉንም ዋጋ መንግሥት እንዲከፍል አደረገ። ገንዘቡ ተማሪውን ተከትሎ ስለሚሄድ ከትምህርት ቤቶች በኩል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሕጉ ግን ጸና። ዛሬ በሚኒሶታ የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆችም በዚሁ በር ለመግባት ይችላሉ።

በሩ ግን ኃላፊነት አለበት። በ16 ዓመት የተገኘ ዝቅተኛ ማርክ በኮሌጁ መዝገብ ጸንቶ ይቀራል፤ ያንዱን ኮሌጅ ክሬዲት ሌላው ላይቀበለው ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት አጥብቆ መጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቶሎ መድረስን ብቻ አይደለም። በር መክፈት መልካም ነው፤ የድኻው ልጅ እንዲገባበት ዋጋውን መክፈል ግን ከዚያ ይበልጣል።