ጌታ ያጣው ጥንቸል

ዛሬ ሰይፍ ስለታጠቀ ጥንቸል ልናወጋችሁ ነው። «ጥንቸልና ታሪክ ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉን፤ እኛም እኮ በአያ ጅቦ ተረት ነው ያደግነው።

«ኡሳጊ ዮጂምቦ» የተባለው የሥዕል ታሪክ መታተም የጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው)። ጸሐፊውም ሠዓሊውም ኪዮቶ ተወልዶ ሃዋይ ያደገው ስታን ሳካይ ነው። «ኡሳጊ» ጥንቸል፣ «ዮጂምቦ» ጠባቂ ማለት ነው። ሳካይ መጀመሪያ ያሰበው በ1645 ስለሞተው ስመ ጥር ጎራዴኛ ስለ ሚያሞቶ ሙሳሺ ለመጻፍ ነበር። አንድ ቀን ጥንቸል ሲስል ግን ጆሮዎቹን እንደ ሳሙራይ ጸጉር አናቱ ላይ አሰራቸው። ወደደው፤ በዚያው ቀረ።

ዘመኑ ግን ተረት አይደለም። በ1600 ሴኪጋሃራ ላይ ታላቅ ጦርነት ተደረገ። ኮባያካዋ ሂዴአኪ የተባለ መስፍን በውጊያው መሀል ከድቶ ወደ ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ዞረ። ኢዬያሱ አሸነፈ፤ በ1603ም ሾገን ሆነ። የተሸነፉት መሳፍንት ግዛታቸውን ሲነጠቁ፣ በሥራቸው ያደሩት ሳሙራዮች ያለ ጌታና ያለ ቀለብ ቀሩ። «ሮኒን» ተባሉ፤ እንደ ማዕበል ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ማለት ነው።

ኡሳጊም ሮኒን ነው። ጌታው ሚፉኔ በአንድ የጦር አለቃ ክህደት ሜዳ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ የጠላትን ራስ ቆርጦ ለአለቃ ማሳየት ደንብ ስለነበረ፣ ጥንቸሉ የጌታውን ራስ ይዞ ይሸሻል፤ ጠላት እንዳይሳለቅበትም ይቀብረዋል። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ እየዞረ፣ በጠባቂነት እየተቀጠረ ይኖራል።

እውነተኞቹ ሮኒኖችስ? ብዙዎቹ በ1614 እና በ1615 ኦሳካ ግንብ ገብተው ቶኩጋዋን ተዋጉ፤ ተሸነፉም። ሌሎቹ ጎራዴ አስተማሪ ሆኑ፣ አረሱ፣ አንዳንዱም ሸፈተ። መንግሥት በጥርጣሬ ያያቸው ነበር። ግን ማን አበዛቸው? አንድ መስፍን ወራሽ ሳይኖረው ከሞተ ግዛቱ ይወረሳል፤ በሞት አልጋ ላይ ልጅ ማሳደግም ክልክል ነበር። ታዲያ በእያንዳንዱ ውርስ አዲስ ሮኒን ይፈጠራል። በ1651 ዩዪ ሾሴትሱ የተባለ ሰው ሮኒኖችን ይዞ ሊያምፅ ሲያሴር ተደረሰበት። ሴራው ከከሸፈ በኋላ ሹማምንቱ ሰዎቹን መቅጣት ብቻውን እንደማይበቃ ገባቸውና ክልከላውን አላሉት።

ተማሪዎቻችንን «ኡሳጊ ተሸናፊ ነው ወይስ ጀግና?» ብለን ብንጠይቃቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ሮኒን መሆንን እሱ አልመረጠም፤ አለመሸፈትን ግን መርጧል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ልጆቻችሁን ጠይቋቸው።