በከባድ ቃጠሎ ሕክምና የፈሳሽ ልክ፦ ከቀመር ወደ ክትትል

እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ሪያልቶ የተባለው ቲያትር ቤት በእሳት ጋየ። በዚያ ዘመን በቃጠሎ የተጎዳን ሰው የሚገድለው ከተቃጠለው ቆዳ የሚመነጭ መርዝ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሐኪሞች ዘንድ ሰፍኖ ነበር። የዬል ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ አንደርሂል ግን ውኃ ከቋጠረው ቁስል የተወሰደውን ፈሳሽ ሲመረምር ከደም ፕላዝማ ጋር እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። ሕሙማኑን ለሾክና ለሞት የሚዳርገው ከደም ሥር ወጥቶ የሚባክነው ፈሳሽ መሆኑም ተገለጠ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ምን ያህል ይተካ?» የሚል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 በቦስተን የኮኮናት ግሮቭ ምሽት ክበብ ቃጠሎ 492 ሰዎች ሞቱ። ከአደጋው የተረፉትን ያከሙት ኦሊቨር ኮፕና ፍራንሲስ ሙር ፈሳሹ በቃጠሎው ስፋት እንዲሰላ እ.ኤ.አ. በ1947 ሐሳብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኢቫንስ የሕመምተኛውን ክብደት በስሌቱ ውስጥ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በዳላስ ፓርክላንድ ሆስፒታል ባክስተርና ሻየርስ እስከ ዛሬ የሚታወቀውን ቀመር አወጡ፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራምና ለእያንዳንዱ መቶኛ የተቃጠለ አካል 4 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት መስጠት ነው። ግማሹ ቃጠሎው ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሚቆጠሩ 8 ሰዓታት፣ ቀሪው በተከታዮቹ 16 ሰዓታት ይሰጣል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝንና 40 በመቶ አካሉ ለተቃጠለ አዋቂ 9600 ሚሊ ሊትር ይደርሳል።

ቀመሩ የብዙዎችን ሕይወት ቢታደግም ሌላ አደጋ አስከተለ። ሽንት ሲያንስ ፈሳሹ ይጨመራል፤ ሽንት ሲበዛ ግን ብዙ ጊዜ አይቀነስም። እ.ኤ.አ. በ2000 ባዝል ፕሩት ሕሙማን ከሚገባው በላይ ፈሳሽ እየተሰጣቸው መሆኑን አስጠነቀቀ። ትርፉ ፈሳሽ ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ የሆድ ውስጥ ግፊትን ከፍ በማድረግም ኩላሊትን ያውካል። እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሞ የወጣው የአሜሪካ የቃጠሎ ሕክምና ማኅበር መመሪያ መነሻው 2 ሚሊ ሊትር ቢሆን እንደሚሻል ይጠቁማል። ይህም ለተጠቀሰው ሕመምተኛ 4800 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

ሁለቱ መነሻዎች እጥፍ ቢራራቁም ቀጣዩ እርምጃ ግን አንድ ነው። ሽንት በካቴተር በየሰዓቱ ይለካል፤ በአዋቂ በኪሎ ግራም 0.5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ለዚሁ ሕመምተኛ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር መሆን ይኖርበታል። ከዚህ ሲያንስ ፈሳሹን ከፍ ማድረግ፣ ሲበልጥም ያለ ማመንታት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀመር ሕክምናው ከየት እንደሚጀመር ያመለክታል፤ ልኩን የሚወስነው ግን ያልተቋረጠ ክትትል መሆኑን የጤና ባለሙያው ሊዘነጋው አይገባም።