የአቼቶ ጉልበት በምን ይታወቃል?

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አቼቶ ነው። ሰላጣ ላይ ጠብ የሚደረገውን ኮምጣጣ ፈሳሽ ታውቁታላችሁ።

አቼቶ የሚኮመጥጠው አሲድ ስላለበት ነው። ውሃ ሲጨመርበት አሲዱ ይሳሳል። ታዲያ ገዢው ውሃ መግዛት አለመግዛቱን በምን ይወቅ? «ቀምሶ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ምላስ ግን ዳኛ አይሆንም። አንዱ «ጥርስ ያረግፋል» ሲል ሌላው «ውሃ ነው» ይላል። ሻጭና ገዢ ቢጣሉ ማን ያስታርቃቸው?

በፓሪስ ከተማ ክሎድ ዦዜፍ ዦፍሯ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1729 አንድ ዘዴ አሳየ። አስቀድሞ አቼቶውን መዘነ። ቀጥሎ ፖታሽ የሚባለውን ዱቄት ያዘ። ፖታሽ ከእንጨት አመድ የሚወጣ ነው። ዱቄቱን ጥቂት ጥቂት አድርጎ አቼቶው ውስጥ ጨመረ። አቼቶው ተንተከተከ፤ አረፋ ወጣው። አረፋው ሲበርድ እንደገና ጨመረ። እንዲህ እያለ ቆይቶ፣ ዱቄቱ ቢገባም አረፋ የማይወጣበት ሰዓት ደረሰ። አሲዱ አለቀ ማለት ነው። ብዙ ዱቄት የፈጀው አቼቶ ብርቱ ነው፤ ጥቂት የፈጀው ደካማ ነው።

እስቲ ልብ በሉ። አሲዱ በአቼቶው ውስጥ ተደባልቋል፤ ለብቻው ሚዛን ላይ አይወጣም። ዦፍሯ የሚያየውን ዱቄት መዝኖ የማያየውን አሲድ ለካ።

ችግር ግን አልጠፋም። ወደ መጨረሻው አረፋው ይደክማል። «አለቀ ወይስ አላለቀም?» ዓይን ይወናበዳል። በ1767 እንግሊዛዊው ዊልያም ሉዊስ የፖታሽን ጉልበት ሲለካ ቀለም የተነከረ ወረቀት ተጠቀመ። አሲድ ሲበዛ ወረቀቱ ይቀላል። አረፋ ከመጠበቅ ይህ ይሻላል። በኋላም ቡሬት የሚባል መስመር የተሰመረበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ መጣ። ፈሳሹ በጠብታ ይወርዳል፤ ስንት እንደወረደ ከመስመሩ ይነበባል። ይህ አለካክ ቲትሬሽን ይባላል፤ ዛሬ ተማሪዎችም ይሠሩታል። ገበያ ላይ ያለው አቼቶ ብዙውን ጊዜ ከ100 እጅ 5 እጅ ያህል አሲድ ይገኝበታል።

አንድ ነገር ግን አለ። ቲትሬሽን የአሲዱን ብዛት ይነግራል እንጂ ዓይነቱን አይለይም። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር አንዳንድ አቼቶ ሠሪዎች ሰልፈሪክ አሲድ ይቀላቅሉበት ነበር። እሱን ለመያዝ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።