«ግቢ» ሲጠብቅና ሲላላ

ባለፈው ዓመት በአንዱ እሁድ ጎረቤቴን ይዤ አንድነት ፓርክ ሄድኩ፡፡ እማማ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ መኖር ከጀመሩ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፡፡ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ግን የሚያውቁት ከውጭ፣ በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው፡፡ በሩ ላይ ተፈትሸን እንደገባን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ነጠላቸውን አደገደጉ! ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ፡፡ በአበባው መሀል እየሄድን ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንኳ የሚያወሩኝ በሹክሹክታ ሆነ፡፡

«ምነው እማማ? ማን ይሰማናል ብለው ነው?» አልኳቸው፡፡

«ዝም በል ልጄ፣ ግቢ እኮ ነው!» አሉኝ፡፡

ይህቺ «ግቢ» የምትባል ቃል ከዚያን ቀን ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች፡፡ ስትጠብቅ በአጥር የተከበበ ቦታ ናት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የንጉሡ መኖሪያ፡፡ ስትላላ ደግሞ ደጅ ላይ ለቆመች ሴት የምትነገር ግብዣ ናት፤ «ነይ ግቢ!»፡፡ የቤተ መንግሥቶቻችንና የአትክልት ቦታዎቻችን ታሪክ በእነዚህ ሁለት አነባበቦች መካከል የሚመላለስ ይመስለኛል፡፡

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሰፈራችን መንገድ ልጀምር፡፡ ከኮልፌ በኩል ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ የተቀየሰው በማገዶ እጦት የተነሳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለውን ደን በልታ ጨረሰችው፡፡ አፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ሊወስዱ አሰቡና አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ መንገድም አስቀየሱ፡፡ በመሀሉ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ ከተማዋን ከመነቀል አዳናት፡፡ ንጉሡም ሐሳባቸውን ለወጡ፡፡ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትስ? ለማርያም ተሰጠ፤ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፡፡ ለአንድ ሰው የታሰበው ሕንፃ የአገር ምእመን መሰብሰቢያ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆመ፡፡

በዚያው መንገድ ላይ ሆለታ አለች፡፡ ምኒልክ እዚያም ግቢ ነበራቸው፤ ቦታውም «ገነት» ተባለ፡፡ በጥር 1927 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ የምኒልክ ግቢ ውስጥ፣ ስዊድናውያን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ፡፡ ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከዚያ የወጡት ወጣት ዕጩ መኮንኖች በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ ተሰለፉ፡፡ እነዚህ ሁለቱ ግቢዎች ስማቸው ሳይጠፋ የኖረው ሥራ ስላገኙ ነው፡፡ ሥራ የሌለው ቤት ጣሪያው ከማርጀቱ በፊት ትዝታው ያረጃል፡፡

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ስድስት ኪሎ ነው፡፡ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ፣ በመያዣነት የተያዙ መሳፍንትና ሹማምንት በጥይት ተደበደቡ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወሩ፤ ገነተ ልዑልን ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፡፡ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በይፋ ሲመረቅ፣ ከዓመት በፊት ደም የፈሰሰበት ቦታ የተማሪ ሆነ፡፡ መኝታ ቤታቸው ሳይቀር በሙዚየሙ ውስጥ ይጎበኛል፡፡ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ግቢ ገባሁ» ሲል ስለ ቤተ መንግሥት የሚያስብ ማን አለ? ቃሉ ከንጉሥ ወደ ተማሪ ተሻገረ፡፡ አንድን ቦታ ለሕዝብ መስጠት ማለት ለእኔ ይህ ነው፡፡

ትልቁ ግቢ ግን ይህ ዕድል ቶሎ አልደረሰውም፡፡ በእርግጥ በምኒልክ ዘመን በአዳራሹ ግብር ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላ ነበር፤ ግን እንደየማዕረጉ ተጠርቶ፣ እንደየተራው ተቀምጦ፡፡ አብዮቱ ሲመጣ በሩ ይከፈታል ያለ ሰው ካለ ተሳስቷል፡፡ ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ገድለው የቬርሳይን ዕቃ በጨረታ ሸጡት፤ ሕንፃው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፡፡ የእኛው ደርግ ዘውዱን አወረደ፣ አጥሩን ግን ወረሰ፡፡ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር 14 ሌሊት ከተረሸኑት ስልሳዎቹ ብዙዎቹ የታሰሩት በዚሁ ግቢ ምድር ቤት ነበር፡፡ የንጉሠ ነገሥቱም አጽም በ1984 ዓ.ም. የተገኘው እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀብሮ ነው፡፡ እንግዲህ እማማ ቢያንሾካሹኩ ምን ይገርማል?

ግቢው መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፈተ፡፡ እውነቱን እንነጋገርና፣ የተሠራው ሥራ የሚያስመሰግን ነው፡፡ ዝናብና ምስጥ ሲጫወትባቸው የነበሩ የእንጨት ቤቶች ታደሱ፤ ዙፋን ቤቱና አዳራሹ ለጎብኚ ተከፈቱ፡፡ ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶችም ቤት አገኙ፡፡ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥት በፈረንሳይ ድጋፍ ታድሶ ተመረቀ፡፡ ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቃ የኖረች ቃል በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ላላች ማለት ነው፡፡

ግን ቅሬታዬን ልደብቅ አልችልም፡፡ ፓርኩ ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር ነበር፡፡ አምስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ አንድ ሺህ ብር ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜው ሺህ ብር! አጥር በድንጋይ ብቻ አይሠራም፤ በብርም ይሠራል፡፡ ደግሞም ቤተ መንግሥት ስናድስ በሌላ በኩል የተራውን ሰውና የነጋዴውን አሮጌ ቤት እያጣን ነው፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ የፈረሰው ፈርሷል፡፡ የንጉሡ ቤት ታሪክ ከሆነ የልብስ ሰፊውስ ቤት ምንድን ነው?

ወደ ሰፈሬ ልመለስና ልጨርስ፡፡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እማማን ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወሰድኳቸው፡፡ ይህ ቦታ የማንም ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ባሕር ዛፍ የወረሰው ተራራ ነበር፡፡ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው፣ በጉለሌና በእኛው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች 705 ሄክታር ላይ የአገሩን ዛፍ ሊመልሱበት ተነሱ፡፡ እንደ ቤት ሁሉ ተራራም ይታደሳል፡፡ ልዩነቱ፣ ቤት በሁለት ዓመት ሲታደስ ጽድ ጥላ እስኪሆን የሰው ዕድሜ መፍጀቱ ነው፡፡

እማማ እዚያ ነጠላቸውን አላደገደጉም፡፡ ጽዱን ሲያዩ «ይኼ እኮ ለቤት ምሰሶ ምስጥ አይደፍረውም!» አሉ፤ ወይራውን ሲያዩ የወተት ዕቃ ማጠኛ መሆኑን፣ ኮሶውን ሲያዩ ስንቱን ሆድ እንዳጠበ እየጮኹ ነገሩኝ፡፡ ከኛ ፊት ይሄዱ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ቆመው ማዳመጥ ጀመሩ፡፡ አስጎብኚ መሆናቸው ነበር፡፡

ቁልቁል ስንወርድ ግን እማማ ቆም ብለው ወደ ባሕር ዛፉ ጫፍ ተመለከቱ፡፡ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ተራራ እንጨት ተሸክመው ወርደው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው፡፡ ጀርባቸው ዛሬም እንደጎበጠ ነው፡፡

«ልጄ፣ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ እነዚያ እንጨት የሚሸከሙት ሴቶች ምን ይበላሉ?» አሉኝ፡፡

እኔም ስለ ሀገር በቀል ዛፍ ጥቅም፣ ስለ ምንጭና ስለ አፈር የማውቀውን ሁሉ ላስረዳቸው ጀመርኩ፡፡ በትዕግሥት ሰሙኝና «እሱስ እውነት ነው፣ ግን የጠየቅኩህን አልመለስክም» አሉኝ፡፡ አልመለስኩም፡፡ ቢያንስ ግን ጥያቄውን በሹክሹክታ አልጠየቁኝም፡፡