የኦሲሎስኮፕ ልኬትን ከነቅንብሩ በፋይል ስለማስቀመጥና መልሶ ስለመክፈት

ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥበትን ሁኔታ በሞገድ ቅርጽ የሚያሳይ የመለኪያ መሣሪያ ነው። ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ዓይነት ልኬቱን በሶፍትዌር አማካይነት ይቀርጻል፤ ቀረጻውም በፋይል ተቀምጦ በሌላ ጊዜ ሊከፈት ይችላል። ተሽከርካሪውን ወይም ጄኔሬተሩን ለምርመራ የሚያቀርብ ተገልጋይም ሆነ ምርመራውን የሚያካሂደው ባለሙያ ውጤቱን ከወራት በኋላ በአግባቡ ማመሳከር የሚችሉት ፋይሉ ከነቅንብሩ ሲቀመጥ ነው። ይህ ማብራሪያ ፒኮስኮፕ የተባለውን ሶፍትዌር በምሳሌነት በመውሰድ የቀረበ ነው።

የቀረጻ ቅንብር ምንነት

የቀረጻ ቅንብር ልኬቱ የተወሰደበትን ሁኔታ የሚወስኑ ምርጫዎች ስብስብ ነው። ዋና ዋናዎቹም የቮልቴጅ ክልል፣ የጊዜ ስፋት፣ በሴኮንድ የሚወሰዱ ናሙናዎች ብዛት፣ የፕሮቡ ዓይነት እና ቀረጻው የሚጀመርበትን ሁኔታ የሚወስነው ትሪገር ናቸው።

እነዚህ ምርጫዎች ካልታወቁ ልኬቱ ለተሳሳተ ትርጉም ይጋለጣል። ለምሳሌ ቮልቴጁን በ10 እጥፍ የሚቀንስ ፕሮብ ተገናኝቶ ሳለ በሶፍትዌሩ ላይ የማይቀንስ ፕሮብ ከተመረጠ፣ የ12 ቮልት ባትሪ 1.2 ቮልት ሆኖ ይነበባል። በእጅ ያለው የሞገዱ ምስል ብቻ ከሆነ ጉድለቱ የባትሪው ይሁን የቅንብሩ ለመለየት አዳጋች ነው፤ ደህናው ባትሪም ያለ አግባብ እንዲለወጥ ሊደረግ ይችላል።

የፋይል ዓይነቶች

ሀ) የዳታ ፋይል (ፒኤስዳታ)፦ የተቀረጹትን ሞገዶችና ቅንብራቸውን በአንድነት ይይዛል። ለማመሳከሪያነት ተመራጩ ይኸው ነው።

ለ) የቅንብር ፋይል (ፒኤስሴቲንግስ)፦ ቅንብሩን ብቻ ይይዛል፤ ሞገድ የለውም። ተመሳሳይ ምርመራን በተመሳሳይ ሁኔታ ለመድገም ያገለግላል።

ሐ) የሰንጠረዥ ፋይል (ሲኤስቪ)፦ የናሙናዎቹን ቁጥሮች በኤክሴልና በመሳሰሉት ፕሮግራሞች ለማስላት ያመቻል፤ ሆኖም ሙሉውን ቅንብር መልሶ አያስገኝም።

መ) የምስል ፋይል፦ በሪፖርት ላይ ለማያያዝ ይጠቅማል፤ ዳግም ልኬት ግን ሊሠራበት አይችልም።

የአቀማመጥ ቅደም ተከተል

1. ቀረጻው እንዲቆም ይደረጋል፤ የሚፈለገው ሞገድ በማያው ላይ መኖሩ ይረጋገጣል።

2. በማስታወሻ መጻፊያው ቦታ የተመረመረው ዕቃ፣ ፕሮቡ የተገናኘበት ነጥብ እና ሞተሩ በሥራ ላይ የነበረ መሆን አለመሆኑ ይመዘገባል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ከልኬቱ በመነሳት ሊያውቃቸው አይችልም።

3. ከማስቀመጫው ዝርዝር የዳታ ፋይል ይመረጣል። ቀደም ሲል የተቀረጹት ሞገዶችም የሚያስፈልጉ ከሆነ በማያው ላይ የሚታየው ብቻ ሳይሆን ሁሉም እንዲቀመጡ ይደረጋል። አልፎ አልፎ የሚከሰት ብልሽት ሲመረመር ይህ ምርጫ በተለይ አስፈላጊ ነው።

4. ፋይሉ ቀኑንና የተመረመረውን ክፍል የሚገልጽ ስም ይሰጠዋል፤ ቅጂውም በሌላ ቦታ ይቀመጣል።

ፋይልን መልሶ ስለመክፈት

የዳታ ፋይል ለመክፈት መሣሪያው ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኘት አይጠበቅበትም። ሶፍትዌሩም ከአምራቹ ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ፣ ፋይሉ የተሰጠው ተገልጋይ ወደ ሌላ ባለሙያ ወስዶ ማሳየት ይችላል። ፋይሉ ሲከፈት ሞገዱን ማጉላት፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ጊዜና ቮልቴጅ መለካት ይቻላል።

የቅንብር ፋይል ተከፍቶ አዲስ ቀረጻ የሚካሄደው ግን መሣሪያው ሲገናኝ ነው። የተገናኘው መሣሪያ ፋይሉ ከተዘጋጀበት የተለየ ሞዴል ከሆነ ሶፍትዌሩ አንዳንድ ምርጫዎችን ሊለውጥ ስለሚችል፣ ከቀረጻው በፊት ቅንብሩን አንድ በአንድ ማረጋገጥ ይገባል። አዲሱ ልኬትም በሌላ ስም መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው መረጃ ሊጠፋ ይችላል።

ከቀረጻ በኋላ የማይስተካከሉ ጉዳዮች

ፋይሉ ከነቅንብሩ መቀመጡ በቀረጻው ወቅት ያልተያዘን መረጃ አይመልስም። ከተመረጠው የቮልቴጅ ክልል ያለፈው የሞገዱ ክፍል ተቆርጦ ይቀራል። በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ናሙና ሲወሰድ ከ1 ማይክሮሴኮንድ ያነሰ ድንገተኛ ለውጥ በሁለት ናሙናዎች መካከል ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። 8 ቢት ጥራት ያለው መሣሪያ ሙሉውን ክልል በ256 ደረጃዎች ብቻ ስለሚከፍል፣ ከ20 ቮልት ኔጌቲቭ እስከ 20 ቮልት ፖዘቲቭ ባለው ክልል አንዱ ደረጃ 0.16 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ሞገዱን በማጉላት ከዚህ የረቀቀ ልዩነት ማግኘት አይቻልም።

በመሆኑም ተሽከርካሪው ወይም መሣሪያው ከምርመራው ቦታ ከመነሳቱ በፊት የተቀመጠውን ፋይል ከፍቶ ማረጋገጥ ይመከራል። ጉድለት ቢገኝ ልኬቱን መድገም የሚቻለው በዚያን ጊዜ ነው። ተገልጋዩም ከታተመው ምስል በተጨማሪ የዳታ ፋይሉ ቅጂ እንዲሰጠው ቢጠይቅ፣ ብልሽቱ በተደገመ ጊዜ የቀድሞውንና አዲሱን ልኬት በትክክል ለማነጻጸር ያስችለዋል።